ፍርሃቴን የደበቅሁባት ሌሊት

«ፈሪ» የሚለው ቃል በኅብረተሰባችን ዘንድ ከስድብ ይቆጠራል። ልጆች ሳለን «ወንድ ልጅ አይፈራም»፣ «ጎበዝ ልጅ አይንቀጠቀጥም» እየተባልን ስላደግን፣ ፍርሃት ሲሰማን መጀመሪያ የምናስበው እንዴት እንደምንደብቀው እንጂ ለማን እንደምንነግረው አይደለም። እኔም የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርቴን ጨርሼ፣ በዲፕሎማ ተመርቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተማሪዎች ፊት ስቆም ይህንኑ አስተሳሰብ ይዤ ነበር።

አንድ ቀን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የጻፈውን ድርሰት ከጓደኞቹ ፊት ቆሞ እንዲያነብ አዘዝሁት። ወረቀቱ በእጁ ላይ ይርገፈገፍ ነበር። «እነዚህ ጓደኞችህ እንጂ አንበሶች አይደሉም፤ ምን ያንቀጠቅጥሃል?» አልሁት። ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። ልጁ ሁለት መስመር ያህል እንዳነበበ ድምፁ ተቆረጠ፤ አንገቱን ደፍቶም ወደ መቀመጫው ተመለሰ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ አልሰማሁትም። በዚያን ጊዜ ጥፋቱ የልጁ መስሎኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ያንን ያስተማረኝም ባሕር ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. በጅቡቲ ከተማ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ለልጆቻቸው አማርኛ እንዳስተምርላቸው ስለ ጠየቁኝ ወደዚያ ሄድሁ፤ ሁለት ዓመት ያህልም ተቀመጥሁ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት በደጋ አገር ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ባሕርን የማውቀው በካርታ ላይ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ነበር። የጅቡቲ ከተማ የምትገኘው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ ሲሆን፣ ባሕረ ሰላጤው በምሥራቅ በኩል ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይከፈታል። ከከተማው ባሻገር ሙሻና ማስካሊ የሚባሉ ሁለት ዝቅተኛ ደሴቶች አሉ። ዙሪያቸውን የከበባቸው የኮራል አለት ስለሆነ የዓሣው ዓይነትና ብዛት ለጠላቂ ዋናተኞች ከፍተኛ ደስታ የሚሰጥ ነው።

በዚያ ከተማ ውስጥ ከአንድ ኢትዮጵያዊ መርከበኛ ጋር ተዋወቅሁ። ሰውዬው በቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ውስጥ በምጽዋ ያገለገለ ሲሆን፣ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ኑሮውን በጅቡቲ አድርጎ፣ ጠላቂ ዋናተኞችን በጀልባ እየመራ ይተዳደር ነበር። በዕድሜ እኩያሞች ብንሆንም «መምህር» እያለ በአክብሮት ይጠራኝ ነበር። መጥለቅን እንዲያስተምረኝ በጠየቅሁት ጊዜ ፈገግ ብሎ፣ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም፤ ብዙ ይደጋግማሉ፤ ይሰለቻሉም» አለኝ። እውነቱን ነበር።

ብዙ ሰዎች ጠላቂ ዋናተኛ በጀርባው የሚያዝለው ሲሊንደር ኦክስጅን ብቻ የያዘ ይመስላቸዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በውስጡ ያለው እኛ ሁላችን የምንተነፍሰው፣ በኃይል ታምቆ የገባ ተራ አየር ነው። ይህን አየር ጠላቂው በሚፈልገው ጊዜና መጠን ወደ አፉ የሚያደርሰውን መሣሪያ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉ ፈረንሳውያን በ1943 እ.ኤ.አ. ሠርተው ሞከሩት። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሰው በቱቦ ከመርከብ ጋር ሳይታሰር በባሕር ውስጥ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ቻለ።

ነገር ግን ውሃ ከባድ ነው። ጠላቂው 10 ሜትር ሲወርድ በሰውነቱ ላይ የሚያርፈው ግፊት በባሕሩ ወለል ላይ ከነበረው እጥፍ ይሆናል፤ 20 ሜትር ሲደርስ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህም በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ አንድ ጊዜ መተንፈስ፣ በወለሉ ላይ ሁለት ጊዜ የመተንፈስን ያህል አየር ይጨርሳል። ሰው ሲፈራ ደግሞ ትንፋሹ ይፈጥናል። ከዚህ የሚበልጥ ሌላም አደጋ አለ። ይኸውም ጠላቂው ትንፋሹን አምቆ በድንገት ወደ ላይ ቢወጣ፣ በሳንባው ውስጥ ያለው አየር ግፊቱ ሲቀንስለት ስለሚሰፋ ሳንባውን ሊቀደው ይችላል። እንግዲህ በባሕር ውስጥ የፍርሃት የመጀመሪያ ምክር፣ ማለትም «ትንፋሽህን ያዝና ወደ ላይ ሽሽ» የሚለው፣ የሞት ምክር ነው ማለት ነው።

መርከበኛው ይህን ሁሉ በቃል ካስረዳኝ በኋላ ወደ ልምምዱ ገባን። ዓይኔን በጨርቅ አስሮ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ያስቀምጠኝና፣ ከለበስሁት ሰደርያ ላይ የታሰረውን መጠባበቂያ ባትሪ በዳበሳ ፈልጌ እንዳበራ ያዘኝ ነበር። አንድ ጊዜ፣ አሥር ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ። «አሁንስ አውቄዋለሁ» ስለው፣ «እርስዎ አውቀውት ይሆናል፤ እጅዎ ግን ገና አላወቀም» ይለኝ ነበር። ተማሪዎቼ የግሥ እርባታን ሲደጋግሙ ያጉረመርሙ እንደነበረው ሁሉ እኔም አጉረመረምሁ።

በቀን ብዙ ጊዜ ከጠለቅሁ በኋላ፣ የ2000 ዓ.ም. የገና በዓል በዋለ ማግሥት በሌሊት እንድንጠልቅ ተወሰነ። ጨረቃ አልነበረችም። ጨረቃ በምትጠፋበትና ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ከሌላው ጊዜ ይበረታል። ውሃው ሲሞላና ሲጎድል በአለቶቹ መካከል እንደ ወንዝ ይፈስሳል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ግን ለጥቂት ጊዜ ረግቶ ይቆያል። አሳባችን በዚህች የመርጊያ ጊዜ ጠልቀን ለመውጣት ነበር። ይሁን እንጂ የጀልባው ሞተር አልነሣ ብሎ አንድ ሰዓት ያህል ዘገየን። ከደሴቱ አጠገብ መልሕቅ ስንጥል ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስም ጀልባዋን ያንገላታት ጀምሯል።

መርከበኛው በረጅም ገመድ ተንሳፋፊ አስሮ ከጀልባዋ ኋላ ለቀቀና ውሃው እንዴት እንደሚወስደው ተመለከተ። ከዚያም፣ «ፍሰቱ ጀምሯል፤ ገና ብርቱ አይደለም። ቢሆንም ዛሬ ከ12 ሜትር አንወርድም፤ ከ30 ደቂቃም አንቆይም። መጀመሪያ ፍሰቱን እየተቃወምን እንሄዳለን፤ ደክመን ስንመለስ እርሱ ራሱ ያመጣናል። አየራችሁ ከ200 ባር ወደ 100 ሲወርድ ምልክት ስጡኝ። በባትሪ ክብ መሥራት ደኅና ነኝ ማለት ነው፤ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ግን ችግር አለ ማለት ነው» አለን።

ጠላቂዎቹ አራት ነበርን፤ ሁለት የወደብ ሠራተኞች፣ አንዲት ወጣት ነርስና እኔ። መርከበኛው ሁላችንንም በየተራ ተመለከተና፣ «ከእናንተ መካከል የፈራ ማን ነው?» ሲል ጠየቀ። ነርሷ ሳታመነታ እጇን አነሣች። «ደግ፤ አንቺ ከአጠገቤ አትለዪም» አላት። እኔም ልቤ እንደ ከበሮ ይመታ ነበር። የባትሪዬን ድንጋይ ካለፈው ጊዜ ወዲህ እንዳልለወጥሁትም ትዝ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን የልጅ እናትና አባት «መምህር» እያሉ የሚጠሩኝ ሰው፣ ከአንዲት ወጣት ቀጥዬ እጄን ማንሣቱ አሳፈረኝ። ዝም አልሁ። ስለ ባትሪውም ሳልናገር ቀረሁ።

በመልሕቁ ገመድ እየተመራን ወረድን። ውድ ተማሪዎች፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ ያየሁትን ውበት ሳልነግራችሁ ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። በቀን የፀሐይ ብርሃን በውሃ ውስጥ ሲያልፍ ቀይ ቀለም ከሁሉ አስቀድሞ ይዋጣል፤ ጥቂት ሜትሮች ከወረዱ በኋላ ቀዩ ነገር ሁሉ ግራጫ ወይም ቡናማ መስሎ ይታያል። በሌሊት ግን ብርሃኑን ጠላቂው ራሱ አቅርቦ ስለሚያበራው ቀለሙ ይመለሳል። በቀን አመድ መስሎ የማውቀው አለት በባትሪዬ ብርሃን እንደ በርበሬ ቀልቶ አየሁት። ኮራል ድንጋይ መስሎ ይታይ እንጂ የጥቃቅን እንስሳት ሥራ ነው፤ ብዙዎቹ እንስሳት በቀን ተሸሽገው ይውሉና በሌሊት ቀጫጭን እጆቻቸውን ዘርግተው ምግባቸውን ያጠምዳሉ። የባሕር ጃርት ረጃጅም እሾሁን እያንቀሳቀሰ ከጉድጓዱ ወጥቶ ይሄድ ነበር። አፉ እንደ በቀቀን መንቆር የሆነ አንድ ዓሣ ደግሞ በአለት ስንጥቅ ውስጥ፣ ከአፉ ባወጣው ስስ ልጋግ ተሸፍኖ፣ አጎበር ውስጥ እንደ ገባ ሰው ተኝቷል።

ይህን እያየሁ ሳለሁ ፍሰቱ በረታ። ከፊቴ የሚሄዱት ባትሪዎች እየራቁኝ ሄዱ። እነርሱን ለመድረስ እግሮቼን በኃይል አንቀሳቀስሁ፤ ትንፋሼም ፈጠነ። የአየር መለኪያዬን ስመለከት 90 ላይ ደርሷል። ምልክቱን መስጠት የነበረብኝ 100 ላይ ነበር። «ከሁሉም ቀድሞ አየሩ ያለቀበት መምህሩ ነው ይሉኛል» ብዬ አሰብሁና መለኪያውን ለቀቅሁት። ጥቂት ቆይቼ ስመለከት 70 ሆኗል። በዚህ ጊዜ ባትሪዬ ደከመ፤ እንደ ሻማ ጭላንጭል ቢጫ ሆነና ጠፋ።

የጨለማን ትርጉም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። በምድር ላይ ግን ጨለማ ሲሆን እግራችን መሬት ይረግጣል። በዚያ ግን ላይና ታቹ አይለይም ነበር። እጄን ባንቀሳቀስሁ ቁጥር በውሃው ውስጥ ያሉት ዓይን የማያያቸው ሕይወት ያላቸው ነገሮች እንደ እሳት ፍንጣሪ ያበሩ ነበር፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን ባደነቅሁት ነበር። በዚያች ቅጽበት ግን ሰውነቴ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነገረኝ፤ «ትንፋሽህን ያዝና ወደ ላይ ሽሽ!»

ትንፋሼን ልይዝ ስል የመርከበኛው ድምፅ ትዝ አለኝ፤ «ይቁሙ፤ ይተንፍሱ፤ ያስቡ፤ ከዚያ በኋላ ያድርጉ።» ቆምሁ። አየሩን ቀስ ብዬ አወጣሁ፤ ቀስ ብዬም አስገባሁ። እጄ እኔ ሳላዘው በቀኝ ጎኔ ወደ ሰደርያው ሄደ፤ መጠባበቂያውን ባትሪ አገኘው፤ አበራው። ያ ያሰለቸኝ የሠላሳ ጊዜ ልምምድ በሠላሳ አንደኛው ጊዜ ዋጋውን ከፈለኝ። ወዲያውም ባትሪዬን ወዲያና ወዲህ አወዛወዝሁ። መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያም ሌሎቹ ብርሃኖች ወደ እኔ ዞሩ።

መርከበኛው ደርሶ ክንዴን ያዘኝ። መለኪያዬን አሳየሁት፤ 50 ይል ነበር። አልተቆጣም። በደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን ትርፍ መተንፈሻ በባትሪው አበራና በጣቱ አመለከተኝ፤ «ቢያልቅብህ ይኸውልህ» ማለቱ ነበር። አላስፈለገኝም፤ መኖሩን ማወቄ ብቻ ትንፋሼን አረጋጋው። ሁላችንንም ሰብስቦ መብራት የታሰረበትን ተንሳፋፊ በገመድ ወደ ላይ ለቀቀ። ከዚያም ፍሰቱን መታገል ትተን አብረነው እየተወሰድን ቀስ በቀስ ወጣን። ከወለሉ 5 ሜትር ሲቀረን ቆመን ሦስት ደቂቃ ጠበቅን፤ በጥልቀት ሳለን ወደ ደማችን የገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ እንዲወጣ ይህ ማድረግ የተለመደ ነው። እንደነዚያ ሦስት ደቂቃዎች የረዘመ ጊዜ በዕድሜዬ አላውቅም።

በወለሉ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ማዕበሉን አንሥቶት ነበር። የጀልባችን መብራት አንድ ጊዜ ይታያል፤ አንድ ጊዜ ይሰወራል፤ ደግሞም ሩቅ ነበር። እርስ በርሳችን ክንድ ለክንድ ተያይዘን ጠበቅን። ጀልባ ነጂው የተንሳፋፊውን መብራት ከመጀመሪያው ጀምሮ ዓይኑን ሳይነቅል ይከታተለው ስለነበረ መልሕቁን ነቅሎ ወደ እኛ መጣ። አንድ በአንድ እየጎተተ ሲያወጣን ይቆጥረን ነበር። አምስት ብሎ ሲጨርስ በረጅሙ ተነፈሰ።

ብርድ ልብስ ተከናንበን ትኩስ ሻይ ስንጠጣ መርከበኛው ከአጠገቤ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መምህር፣ ሳንወርድ ስጠይቅ እጅዎን ለምን አላነሡም?» አለኝ።

«አፈርሁ» አልሁት።

«ባሕር ማዕረግ አያውቅም፤ እኔ የፈራ ሰው አያሳስበኝም። የፈራ ሰው ካወቅሁት ከአጠገቤ አደርገዋለሁ፤ መንገዱን አሳጥርለታለሁ፤ ባትሪውን ሁለት ጊዜ እመረምርለታለሁ። የሚያሳስበኝ መፍራቱን የሚደብቀኝ ነው፤ እርሱን በምን አውቄ ልርዳው?» አለኝ። ጥቂት ዝም ብሎም፣ «እኔም እኮ በጠለቅሁ ቁጥር እፈራለሁ» ሲል ጨመረ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለካ ስለ ገላ በሽታ ብቻ አልነበረም። ጀልባችን ወደ ከተማው መብራቶች ስትመለስ ግን የማስበው ስለ ራሴ አልነበረም። ወረቀቱ በእጁ ላይ ሲርገፈገፍ ያየሁትን ያንን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበር። እርሱ እኔ ያቃተኝን አድርጎ ነበር፤ ፍርሃቱን ሳይደብቅ ከፊቴ ቆሞ ነበር። መርከበኛው ነርሷን «ከአጠገቤ አትለዪም» ሲላት፣ እኔ ግን ልጁን ለሣቅ ሰጠሁት። ሠላሳ ጊዜ ያለማመደኝ ሰው አግኝቼ ነው እኔ የዳንሁት፤ ያንን ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ ያላለማመድሁት መምህሩ እኔ ነኝ።

ወደ አገሬ ተመልሼ ማስተማሬን ስቀጥል አንድ ልማድ ለወጥሁ። ተማሪዎች ድርሰታቸውን ከማንበባቸው በፊት «የፈራ ማን ነው?» ብዬ መጠየቅ ጀመርሁ። አስቀድሜም የእኔን እጅ አነሣ ነበር። እጃቸውን ያነሡት በመጀመሪያው ቀን ለጓደኛቸው ብቻ፣ በሁለተኛው ቀን ለአምስት ሰዎች፣ በሦስተኛው ቀን ለክፍሉ ሁሉ እንዲያነቡ አደርግ ነበር። የሁሉም ድምፅ አልተስተካከለም፤ ነገር ግን ከመካከል አቋርጦ የተቀመጠ አልነበረም።

የዚያን ልጅ አድራሻ ባውቅ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በደብዳቤ እልክለት ነበር። ስላላወቅሁ ለእናንተ ጻፍሁት። እናንተም ነገ ከጓደኞቻችሁ ፊት ቆማችሁ የጻፋችሁትን ስታነቡ ወረቀቱ በእጃችሁ ላይ ቢንቀጠቀጥ አትሸሽጉት። አስቀድማችሁ ለመምህራችሁ ንገሩ፤ ለጓደኛችሁ ንገሩ፤ ደጋግማችሁም ተለማመዱ። ጓደኛችሁ ሲንቀጠቀጥ ብታዩ ደግሞ አትሣቁበት። ባትሪያችሁን ወደ እርሱ አዙሩ።